ስእለቱ የእናቴ ነበር

ይህን የምጽፈው በጥብቅ የካቶሊክ ቤት ላደገች፣ አሁን ግን ከዚያ ሕይወት መውጣት ለምትፈልግ ወይም ወጥታም ሰላም ላጣች ልጅ ነው። እምነቷ የሚያሳርፋት፣ ጸልያ በሰላም የምትተኛ ልጅ የኔ ምክር አያስፈልጋትም። ከቤተ ክርስቲያን ውጡ እያልኩም አይደለም። እኔ ያለፍኩት የምጠይቀው ሰው ሳይኖር ነው። ሌላዋ እንደኔ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ፍርሃትና እምነት አብረው ስላደጉብሽ አንድ ይመስሉሻል። አይደሉም። መጀመሪያ ከፍርሃቱ ታከሚ። ስለ እምነቱ የምትወስኚው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤተሰቦቼ ከጉራጌ፣ ከእምድብር አካባቢ ናቸው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። አባቴ ቀን መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰበካችን ካቴኪስት ነው። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማረው እሱ ነው። ማታ ማታ፣ እንግዳ ቢኖርም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ነገ ፈተና ቢኖረንም፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከን መቁጠሪያ እንደግማለን። የመቁጠሪያው አምስት ክፍሎች፣ ምሥጢራት የምንላቸው፣ ለአምስታችን ተከፋፍለዋል። አባዬ የመጀመሪያውን፣ እማዬ ሁለተኛውን፣ እኔ ሦስተኛውን፣ ወንድሞቼ የቀሩትን እንመራለን። ቅዳሜ ኑዛዜ፣ እሁድ ቅዳሴ፣ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል። ሱሪ አልለብስም። ጓደኛ ቤት አላድርም። ስልክ ከተገዛልኝ በኋላም ስልኬ ማታ ማታ አባዬ ጋ ነበር የሚያድረው።

ይህ ጥብቅነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ስለረዳኝ እነግርሻለሁ። እኛ በዚህ አገር በጣም ጥቂት ነን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ሲስተሮቹ፣ ማለትም የካቶሊክ መነኮሳይቱ፣ በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤታችን እንኳ አብዛኛው ተማሪ ኦርቶዶክስ ነበር። ታሪክ መምህራችን ካቶሊክ ስለሆኑት ስለ አፄ ሱስንዮስ ባስተማሩን ቀን ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በእረፍት ሰዓት «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» እያሉ ተከተሉኝ። እያለቀስኩ ቤት ስገባ አባዬ አስቀምጦ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል አወራኝ። የጎጃም ሊቅ ናቸው። ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው፣ በሰንሰለት እንደተጠፈሩ እ.ኤ.አ. በ1855 ሞቱ። «እሳቸው ሰንሰለት ችለዋል፣ አንቺ ስድብ አትችይም?» አለኝ።

አባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ከጥቂቶች አንዱ የሆነ ሰው አንድ ልጅ ከወጣችበት ቤቱ በሙሉ የሚፈርስ ይመስለዋል። ዙሪያውን ያለው ሁሉ የሚስበው ወደ ሌላ ነውና። ይህን ሲገባኝ ቁጣዬ ትንሽ በረደ። ሕመሙ ግን አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ስእለቱ ነበር። ሕፃን ሳለሁ በሳምባ ምች ልሞት ነበር አሉ። እማዬ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ለእመቤታችን ተሳለች። «ከተረፈችልኝ ለአንቺ እሰጣታለሁ» ብላ። ተረፍኩ። ከዚያ ጀምሮ ዘመድ ሁሉ «ሲስተርዬ» ይለኝ ጀመር። ዛፍ ላይ ከወጣሁ «ሲስተር ዛፍ ላይ ትወጣለች?» እባላለሁ። አባ ቤታችንን ሊባርኩ ሲመጡ «የኛ ሲስተር የት አለች?» ብለው ይጠሩኛል። ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ተወስኖ ነበር።

አሁን ስለ ፍርሃቱ ላውራ፤ ዋናው እሱ ነውና።

አስር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ እሁድ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ውኃ ዋጥኩ። እኛ ቤት ከቁርባን በፊት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ምንም በአፍ አይገባም። ቅዳሴው ላይ የቁርባን ሰዓት ሲደርስ አባዬ ተነሳ፣ እማዬ ተነሳች፣ ታላቅ ወንድሜ ተነሳ። እኔ ተቀመጥኩ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ወጣት ባይቆርብ ማንም ጉዳዬ አይለውም። እኛ ጋ ግን ሁሉም ሰው በሰልፍ ወጥቶ አንቺ ከቀረሽ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አንድ ነገር አድርጋለች ይላል። ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ እማዬ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ምን ሠርተሽ ነው?» አለችኝ። ውኃ ነው አልኳት። «ውኃ ብቻ?»

ቅዳሜ ኑዛዜ ገባሁ። አባ ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ውኃ ጾም አይፈታም፣ በይ ሂጂ ተጫወቺ» አሉኝ። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ከበሩ ሳልወጣ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሆን ብዬ ውጬው ቢሆንስ? ለአባ በትክክል ባልነግራቸውስ? ኑዛዜዬ ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ነገ ስቆርብ ሌላ ትልቅ ኃጢአት እጨምራለሁ። ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንደዚያ ሆንኩ። ኑዛዜ እወጣለሁ፣ በሩ ላይ እጠራጠራለሁ፣ እመለሳለሁ። የኅሊና መመርመሪያዋ ትንሽ መጽሐፍ ገጿ እስኪረግፍ አነበብኳት። ስለ ወንድ ልጅ አንድ ሐሳብ ብልጭ ካለብኝ የሞት ኃጢአት ነው ብዬ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ብተኛና ብሞት ሲኦል ነኝ ብዬ።

ቤተሰቦቼ ይህን ሲያዩ ተደሰቱ። ሲስተር የመሆን ጥሪ አላት አሉ። የታመመች ልጅ ናት ያለ ሰው አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ስጠብቅ ወደ አንድ የሲስተሮች ቤት አስፒራንት፣ ማለትም ሕይወቱን የምትሞክር ጀማሪ፣ ሆኜ ገባሁ። ማንም በግድ አልጎተተኝም። እምቢ ማለት እንደሚቻል ግን አላውቅም ነበር። እዚያ የኛ ኃላፊ የነበሩት ሲስተር ያረጁ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። አንድ ከሰዓት ምስር እየለቀምን ሳለ ቀና ሳይሉ «አንቺ ይህን ሕይወት ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። ስለ እማዬ ስእለት ነገርኳቸው። ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት።

«ስእለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። እናትሽ አንቺን መሳል አይችሉም። የራሳቸው ስእለት ከከበዳቸው ደግሞ ለአባ ይንገሯቸው፣ ይፈቱላቸዋል ወይም በሌላ በጎ ሥራ ይለውጡላቸዋል።»

ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አፌን በሻሽ ይዤ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሁሉ የተሸከምኩት ነገር ሕጉ ራሱ የማያውቀው ነበር። ይህን በተለይ ልብ በዪልኝ፤ ስእለት ያለባት ልጅ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ብዙ ቤት አለ። እናትሽን ስእለት ውስጥ ያስገባት ፍቅር ነው፤ ስእለቱ ግን የእናትሽ ነው።

ምደባው ሲወጣ ቤቱን ለቅቄ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ሲስተሯ መርቀው ሸኙኝ። እማዬ ግን ቃል ሳትተነፍስ ነበር ሻንጣዬን የዘጋችው።

ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄ ቅዳሴ የቀረሁበት እሁድ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከዶርማችን ጀርባ ሳፋ ይዤ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ቅዳሴው የሚጀመርበት ሰዓት ሲደርስ እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለ። አንድ ነገር እስኪደርስብኝ ጠበቅኩ። ሰማዩን ሁሉ ቀና ብዬ አየሁ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ አንገቴ ላብ በላብ ሆኗል። ምንም አልመጣም። ልብሱን አሰጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም። መብላት አቃተኝ። የዶርም ጓደኛዬ ጎትታ የግቢው ክሊኒክ ወሰደችኝ።

እዚያ የነበረችው የሥነ ልቦና አማካሪ ሃይማኖቴን ለማስለወጥም ለማስጠበቅም አልሞከረችም። ሕመም እንዳለብኝ ነው የነገረችኝ። ኦሲዲ ይሉታል። የማይፈለግ ሐሳብ ሳያባራ ይመጣል፣ ጭንቀቱን ለማስታገስ አንድ ነገር ደጋግመሽ ታደርጊያለሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀልሻል፣ ከዚያ ብሶበት ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው እጁን ይታጠባል፣ አንዳንዱ በር መቆለፉን ይፈትሻል። የኔ ኃጢአት ላይ መጣ። ሕክምና አለው። በንግግር ሕክምናው የሚያስፈራሽን ሐሳብ ቀስ በቀስ ትጋፈጪዋለሽ፣ ማረጋገጫ ፍለጋ ግን አትሮጪም። አስፈላጊ ከሆነ ሐኪም መድኃኒት ይጨምርበታል። እኔ «አማኑኤል ሄደች ከተባልኩ አለቀልኝ» ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም አላለቀብኝም። እንቅልፌን አገኘሁ።

የገረመኝ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ይህን ሕመም ከጥንት ማወቋ ነው። የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ቅዱስ ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬዛ በምትባል የስፔን ከተማ ሳለ ኃጢአቱን ተናዝዞ ተናዝዞ እረፍት አጥቶ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሶ ነበር። ኑዛዜ የሚሰሙ አባቶች ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ አልፎንሶም ይኸው ጭንቀት ነበረበት። ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚሰጠው የቆየ ምክርም አለ፦ አንድ አባት ያዝ፣ ያለፈውን ደግመህ አትናዘዝ። የሞት ኃጢአት ለመሆንም ሦስት ነገር መሟላት አለበት፤ ነገሩ ከባድ መሆን፣ ከባድ መሆኑን በደንብ ማወቅ፣ ወዶና ፈቅዶ ማድረግ። ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ሐሳብ፣ በስሕተት የተዋጠ ውኃ፣ ከዚህ ምኑም አይደለም። እኛ ቤት የመጀመሪያው ብቻ ነበር የሚነገረው።

እንግዲህ ልብሽ አሁንም እዚያ ከሆነና የሚያሠቃይሽ ፍርሃቱ ብቻ ከሆነ፣ መውጣት ላያስፈልግሽ ይችላል። አስተዋይ አባትና ጥሩ ባለሙያ ፈልጊ። እንደዚያ ሆነው በደስታ የሚኖሩ ልጆች አውቃለሁ።

እኔ ግን ፍርሃቱ ሲለቀኝ ከሥሩ ምን እንዳለ አየሁ። ምንም አልነበረም። ስጸልይ የማናግረው ሰው እንደሌለ ይሰማኝ ነበር። ከድሮም ይሰማኝ ነበር፤ ፍርሃቱ እየጮኸ አላሰማ ብሎኝ ነው እንጂ። ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅኩ፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አላምንም። ይህን ለራሴ ስናገር አልተቆጣሁም፣ አልተደሰትኩም። አዘንኩ። አያቴን፣ እማዬን፣ የገና ሌሊት መዝሙሩን እያሰብኩ አዘንኩ። አንቺም ብታዝኚ ውሳኔሽ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ያደግሽበትን ቤት ስትለቂ ማዘን ያለ ነው።

ስለ ግቢ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ካቶሊክነቷ የላላ ልጅ እንዳለች ሲሰማ ሰው ይመጣል። የፕሮቴስታንቶቹ የፌሎ ልጆች ለጸሎት ጠሩኝ። የኦርቶዶክሶቹ የግቢ ጉባኤ ልጆች ወደ እናት ቤተ ክርስቲያንሽ ተመለሺ አሉኝ። ሁለቱም ወገን ደግ ነበር፤ ስታመም ሾርባ ያመጡልኝ እነሱ ናቸው። ግን በዚያ ሰዓት ባዶነቱ ስለሚያስፈራ የመጀመሪያውን በር ገፍቶ መግባት ያምራል። አትቸኩዪ። አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም «አላውቅም» እያልሽ መኖር ይቻላል። ሰው «ታዲያ አሁን ምንድን ነሽ?» ሲልሽ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለቤተሰብ መንገር።

በነሱ ጣራ ሥር፣ በነሱ እንጀራ የምትኖሪ ከሆነ አትቸኩዪ። ዝም ማለትሽ ውሸታምነት አይደለም። እኔ የነገርኳቸው ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ከተከራየሁ በኋላ ነው። ሰዓቱንም ምረጪ። መስቀል ላይ አገር ቤት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ አዛውንቶች ሊመርቁ በተነሱበት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ገና ላይም አይነሳም። በንዴት መሀልም አይነገርም። እኔ ተራ ቅዳሜ ከሰዓት መረጥኩ። ቡና ተፈልቶ አልቋል፣ ወንድሞቼ ውጭ ናቸው።

አጭር አድርጌ ነገርኳቸው። «ቅዳሴ መሄድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እምነቱ ውስጤ የለም። እናንተን መውደዴ ግን አልቀነሰም። ከሌላ ሰው እንድትሰሙ አልፈለግኩም።» ዝርዝር አልጨመርኩም። ለምን አላመንኩም የሚለውን ክርክር በዚያ ቀን መክፈት ማንንም አይጠቅምም።

እማዬ መጀመሪያ ያለችው «ስእለቴስ?» ነው። አባዬ ኮቱን አንስቶ ወጣ። የተመለሰው በመቁጠሪያ ሰዓት ነው። ሁሉም ተንበረከኩ፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን መራ። እማዬ እንባዋን እየዋጠች ሁለተኛውን መራች። ሦስተኛው የኔ ነበር። አባዬ ቆመ። ጠበቀኝ። ክፍሉ ጭር አለ፣ የመቁጠሪያው ፍሬ በጣቶቹ መሀል ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የኔን ጀመረው።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ብዙ ወራት አላናገረኝም። በመሀል አንድ ቀን እንነጋገር ብሎ ጠራኝና ተከራከርን። ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲሠራ መገደድ የለበትም የሚለውን ከራሱ ከካቴኪዝሙ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ የትምህርት መጽሐፍ፣ አነበብኩለት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ ይህንኑ ብሏል። አባዬ መጽሐፉን ከኔ በላይ ያውቀዋል። «ኅሊና መታነጽ አለበት ይላልኮ ቀጥሎ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይላል። አልተሸናነፍንም። ግን የጮኸ ሰው አልነበረም። ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ማንንም ሰው የፈለገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ማስገደድ ይከለክላል። ማወቁ አይከፋም። አባትሽን ግን በአንቀጽ አታሸንፊውም፤ በጊዜ ነው።

በመጨረሻ የደወለው እሱ ነው። ስለ ሃይማኖት ምንም ሳያነሳ «መስቀል አገር ቤት ትመጫለሽ አይደል?» አለኝ። ሄድኩ። የጎመን ክትፎውን ከአክስቶቼ ጋር ሠራሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ምርቃቱ የዘመዶቼ ፍቅር ነው፤ ያን መቀበል ከውሳኔዬ ጋር አይጋጭብኝም። ቀብር እሄዳለሁ፣ ሠርግ እሄዳለሁ፣ ቅዳሴው ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ። አልቆርብም። ድሮ መቀመጥ ያስፈራኝ ነበር፣ አሁን መቀመጤ ለነሱ እምነት ያለኝ አክብሮት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ክርስትና እናትነቱ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሴት ልጅ ወለደ። ሚስቱ ቤቴ ድረስ መጥታ «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። ክርስትና እናት መሠዊያው ፊት ቆማ በሕፃኗ ፈንታ እምነቱን ትመሰክራለች። የማላምነውን አምናለሁ ብዬ በዚያች ልጅ ስም መማል አልቻልኩም። «አልችልም» ስላት ፊቷ ጠቆረ። ወንድሜ ደውሎ «ስሙ ነው እንጂ ምን አለበት? ልጄን ናቅሻት?» አለኝ። ለመንገር ከደፈርኩበት ቀን ይልቅ ያ ቀን አስለቀሰኝ። ለድግሱ ግን ከሌሊት ጀምሬ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ልጅቷን ይዤ ዋልኩ፣ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን የማጫውታት እኔ ነኝ። ወንድሜም አሁን ገብቶታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ኃላፊነቱን እምቢ በዪ፣ ሰዎቹን ግን አትራቂያቸው። የምትወጂያቸው መሆኑን በእጅሽ ሥራ አሳዪያቸው።

እማዬን ወደ አባ የወሰድኳት እኔ ነኝ። የሲስተሯን ቃል ስነግራት አላመነችኝም ነበርና። እኔ ደጅ ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ስእለቱን በሌላ ለውጠውላታል፤ በሰበካው የታመሙ ሰዎችን ትጠይቃለች። ምን እንዳሏት ሁሉንም አልነገረችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን «ሲስተርዬ» ብላ ጠርታኝ አታውቅም። በስሜ ትጠራኛለች።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገርሽ። ትዳር ከመጣ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ሦስቱንም ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። ያለ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት አያንስም። እጮኛሽ የሚያምን ከሆነ ስለ ልጆቹ ጥምቀት ከሠርጉ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከወለዳችሁ በኋላ አያቶች ሲገቡበት ይከብዳል። የእድር መዋጮሽን አታቋርጪ። የሰፈር እድር ከሆነ ሁሉንም ሃይማኖት ይይዛል፣ ስትታመሚም ስታዝኚም የሚደርስልሽ እሱ ነው። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ መኖሪያ ስትመዘገቡ ሃይማኖት የሚለው ላይ ካቶሊክ ብላችሁ ከሞላችሁ የቤተ ክርስቲያን ግብር እንደሚቆረጥባችሁ እወቁ። እንደየክፍለ ግዛቱ ከገቢ ግብሩ 8 ወይም 9 በመቶ ነው። እዚያ መውጣት በመንግሥት ቢሮ የሚፈረም ወረቀት አለው። እዚህ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ጥምቀት የማይፋቅ ማኅተም ስለሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ስምሽ እንዳለ ይኖራል። እኔ ይህን ለመቃወም ጉልበቴን አልጨርስም።

ቤትሽ ውስጥ ዱላ ካለ፣ ወይም አውጥተው እንደሚጥሉሽ ካወቅሽ፣ እኔ ከነገርኩሽ ሁሉ ይህ ይቀድማል። ከመናገርሽ በፊት የምታድሪበት ቤትና የምታምኛት አንዲት ሴት ይኑሩሽ፤ አክስት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ አስተማሪ። የተወሰነ ብር በራስሽ ደብተር ይኑርሽ። መታወቂያሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽን፣ የልደት ወረቀትሽን ከቤት አውጥተሽ አስቀምጪ። የጥምቀት ምስክር ወረቀትሽንም አብረሽ ያዢው፣ በንዴት አትቅደጂው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለድነው ለብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን የሚያሳየው ቀደምት ወረቀት እሱ ነው።